ከኩምሳ ግቢ ስትገቡ

ነቀምቴ ከሄዳችሁ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት እዩ። ቤቱ እስካሁን ተጠብቆ ቆይቷል። ግን እዚያ ስትገቡ አንድ ጸሐፊም አስቡ።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ይባላሉ። በልጅነታቸው ተሰርቀው በባርነት ተሸጡ፤ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ነቀምቴ ሲመጡ፣ ደጃዝማች ኩምሳ ተቀበሏቸው። ልጆችንም ማስተማር ጀመሩ።

ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸው በ1899 ታትሟል። ከዚያ በፊት፣ በ1894፣ የንባብ መማሪያ ወጥቶ ነበር። እንደናንተ ለጀማሪ የሚሆን ነው እንግዲህ! ይህ መማሪያ ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። አስቴር ጋኖ አብረዋቸው ሠርተዋል። እሳቸውም ከባርነት የወጡ ናቸው። በአፍ ብቻ ይነገር የነበረውን ተረትና ዘፈን ወረቀት ላይ አሰፈሩ። ነቀምቴም መጥተው አስተማሩ። ስማቸው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔን ይህ ያናድደኛል።

ኦኔሲሞስ በ1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ። አስጎብኚው ስለ ኩምሳ ነግሯችሁ ሲጨርስ፣ «አስቴርስ?» ብላችሁ ጠይቁት።