ሥራው አልቆ ገንዘቡ የቀረበት ሰው

ባርኔአ በአሽቀሎን ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፣ ባሕሩ አጠገብ የምትገኝ የቪላና የአዳዲስ ፎቆች ሰፈር ናት። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ሮኬት ክፉኛ በደበደባት በዚህች ከተማ ለሳኙም ሴራሚክ አንጣፊውም ሥራ አያጣም። የሚያጣው ክፍያውን ነው። ሥራውን በቃል ተቀብሎ የጨረሰ ንዑስ ተቋራጭ «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» ሲባል፣ የሌላ ሰው ዕዳ ተሸካሚ ይሆናል።

እስራኤል በ2017 ለአቅራቢዎች በወቅቱ መክፈልን የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። ነጋዴ ለነጋዴ ሲከፍል፣ የክፍያ መጠየቂያው ከደረሰበት ወር ማብቂያ ጀምሮ ከ45 ቀን በላይ ማቆየት የለበትም። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች በግልጽ በጽሑፍ ሌላ ቀን ሊስማሙ ይችላሉ። የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። ትልቁ ተቋራጭ ረጅም ቀን ያለበት ውል ሲዘረጋ፣ ሥራ ፈላጊው ሳያነብ ይፈርማል። ብሪታንያ በ1996 ባወጣችው የግንባታ ሕግ «ሲከፈለኝ እከፍላለሁ» የሚለውን አንቀጽ፣ ለተቋራጩ የሚከፍለው ወገን ከከሰረበት ሁኔታ በቀር፣ ዋጋ ቢስ አድርጋዋለች። በእኔ እምነት እስራኤልም ይህን ልትከተል ይገባል።

የቪላ ባለቤት ግን ነጋዴ አይደለም፤ ቤቱን ለራሱ ሲያሳድስ የ45 ቀኑ ሕግ አይደርስበትም። እዚህ ላይ ያለው የ1974ቱ የተቋራጭነት ውል ሕግ ነው። ለሥራ የተሰጠህን ዕቃ፣ ለምሳሌ ወደ ወርክሾፕህ የወሰድከውን በር፣ ሒሳብህ እስኪከፈል መያዝ ትችላለህ። የተለሰነ ግድግዳ ግን ተሸክመህ አትሄድም። ስለዚህ ክፍያን በደረጃ መከፋፈል ግድ ነው፦ ሲጀመር፣ ሲጋመስ፣ ሲጠናቀቅ። የመጨረሻው ክፍያ ትንሽ ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ ለጥቃቅን ጉድለት ሰበብ ታግቶ ይቀራል።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ሕግ ስላጣ አይደለም፤ ማስረጃ ስላጣ ነው። «ይህንንም ጨምርልኝ» ሲባል ዋጋውን በዋትስአፕ ጽፎ መልስ ሳይቀበሉ መዶሻ ማንሳት አይገባም። የክፍያ መጠየቂያው መቼ እንደደረሰ ማሳየት ካልተቻለም 45ቱ ቀን መቆጠር መጀመሩን ማስረዳት ያዳግታል።

ማስረጃ ያለው ሰው ደጅ መጥናት አይኖርበትም። እስከ 75 ሺህ ሸቀል የሚደርስ በጽሑፍ የተደገፈ ዕዳ፣ ማስጠንቀቂያ በአደራ ደብዳቤ ከተላከ በኋላ በቀጥታ ለሆጻአ ላፖዓል፣ ለዕዳ አስፈጻሚው ቢሮ፣ ሊቀርብ ይችላል። ባለዕዳው ካልተቃወመ ማስፈጸሙ ይቀጥላል። ተመላሽ የሆነ ቼክም እንደ ፍርድ ሊፈጸም ይችላል። ለአነስተኛ ገንዘብ የጥቃቅን ክሶች ፍርድ ቤት አለ፤ ግለሰብ ነጋዴ በዚያ ሊከስ ሲችል ኩባንያ አይችልም።

ዕዳን በክስ የመጠየቂያው ጊዜ ሰባት ዓመት ነው። ይሉኝታ ይዞህ ዝም ካልክ ያልፋል፤ ሳያልፍ ጠይቅ፣ በጽሑፍም ጠይቅ።