ልጆቻችን ብዕር ይያዙ



በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ወደ እነርሱ ከሚሄዱት መካከል ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ያላቸው አባቶች ይገኙበታል። ልጁ የኳስ ተጫዋቾችን ስም በቃሉ ይወጣዋል፤ የአባቱን ጉዳይ ግን በአንድ ገጽ ማስፈር ያቅተዋል። ጥፋቱ የልጁ ብቻ ነውን? እኛስ በቤታችን ምን አስተማርነው?

ጃዕፈር በንጉሡ ፊት

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ መሰደድ የጀመሩትን ሶሐቦች ለማስመለስ ቁረይሾች ስጦታ የያዙ መልእክተኞች ላኩ። በንጉሥ ነጃሺ ፊት ስለ ስደተኞቹ የተናገሩት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ናቸው። አነጋገራቸውን እንመርምር። በመጀመሪያ ቀድሞ በምን ዓይነት ኑሮ እንደነበሩ ሳይደብቁ ተናገሩ። ቀጥለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሯቸውን ዘረዘሩ። ከዚያ የደረሰባቸውን በደል ገለጹ። በመጨረሻም ወደዚህ አገር ለምን እንደመጡና ምን እንደሚሹ አስረዱ። ንጉሡ ከወረደላችሁ አሰሙኝ ባሉ ጊዜ፣ ከሱረቱ መርየም አነበቡ። አድማጫቸውን ያውቁ ነበርና። ነጃሺም ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም። ይህን ታሪክ ያቆዩልን በስደቱ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

ልጅነት አያግድም

ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የ11 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። በእርሳቸው ትእዛዝ የአይሁድን ጽሕፈት ተማረ፤ ከወሕይ ጸሐፊዎችም አንዱ ሆነ። በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርኣንን የማሰባሰብ ኃላፊነት የተጣለው በእርሱ ላይ ነው።

በአገራችንም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች በጽሑፍ የሰፈሩ 13 ጥያቄዎች ነበሯቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ የእስልምና በዓላት በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ የሚለው፣ በ1967 ዓ.ም. ምላሽ አገኘ።

ምን እናድርግ?

አንድ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቻችንን ወደ አሞራ ገደል ይዘን እንውጣ። የጃዕፈርን ታሪክ እንንገራቸው። አራቱን ደረጃዎች በደብተራቸው ያስፍሩ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ያዩትን፣ የተጣለውንም ቆሻሻ ቢሆን፣ በዚያው ቅደም ተከተል ለቀበሌው በሚቀርብ ማመልከቻ መልክ ይጻፉት፦ ሐይቁ ምን ነበር? ምን ይገባዋል? ምን ደረሰበት? ምን ይደረግ?

አንዷ ታንብብ፣ ሌሎቹ ያዳምጡ፤ ውይይቱንም በየሳምንቱ ተራ እየገቡ ይምሩት። እኛ ወላጆች ቀይ እስክሪፕቶ ይዘን ሆሄያት ለመልቀም አንቸኩል። «አንባቢው ምን እንዲያደርግ ትፈልጋለህ?» ብለን እንጠይቅ። ለዚህ መልስ ያለው ልጅ ሌላውን መምራት ጀምሯል።

ያን ጊዜ አባት ወደ ጥላው ሥር ከመሄዱ በፊት «ልጄ፣ እስቲ ጻፍልኝ» ይላል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።