ቀሚሱ ረዘመ ወይስ እናት አጠሩ?

በሰፈራችን የነበሩ አንዲት ባልቴት የክት ቀሚሳቸው ከዓመት ወደ ዓመት መሬት እየጠረገ ስላስቸገራቸው፣ ልጃቸው ጠርዙን ታጥፍላቸው ነበር። «እርጅና መቼስ ያጎብጣል» ከማለት በቀር ነገሩን የመረመረ አልነበረም። አንድ ቀን ጧት ከደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው በመዳፋቸው ተመርኵዘው ቢወድቁ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላቸው፤ እጃቸውም ዳነ። ቤተ ሰቡም እኛ ጎረቤቶቻቸውም እግዚአብሔርን አመስግነን ዝም አልን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ከአልጋቸው ሲወርዱ ወደቁ። በዚህ ጊዜ የተሰበረው የዳሌያቸው አጥንት ነበረ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ አልቻሉም።

ለእኚህ እናት ማስጠንቀቂያው ሁለት ጊዜ ደርሷቸው ነበር፤ የረዘመው ቀሚስ አንደኛው፣ የተሰበረው አንጓ ሁለተኛው ነው። ያስተዋለላቸው ግን አልተገኘም፤ ከማያስተውሉት መካከል እኛም ነበርን።

ሐኪሞች ይህን ደዌ የአጥንት መሳሳት ወይም ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል። አጥንት እንደ ድንጋይ ሙት ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲታደስ የሚኖር ሕያው አካል ነው። እስከ 30 ዓመት ገደማ የሚገነባው ከሚፈርሰው ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ይጎድላል። ይልቁንም በሴቶች ዘንድ የወር አበባ ሲቋረጥ አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ፣ ጉድለቱ ለጥቂት ዓመታት ይፋጠናል። ምስጥ የበላው ምሰሶ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ እንደሚቦረቦር፣ አጥንትም እንዲሁ ይሆናል። እስኪሰበር ድረስም አያምምምና «ምንም አልተሰማኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። ዕድሜዬ ከ50 አልፏልን? የወር አበባዬ ከ45 ዓመት በፊት ተቋርጧልን? እናቴ ወይም አባቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃልን? ሰውነቴ እጅግ የከሳ ነውን? ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት 3 ወርና ከዚያ በላይ ወስጃለሁን? ትንባሆ አጨሳለሁን? መጠጥ አበዛለሁን? «አዎን» የሚለው መልስ በበዛ መጠን ሐኪም ማማከር ይገባል። መድኃኒቱን ግን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ደዌው በሴቶች ላይ ቢበዛም ወንዶችንም አይምርም።

በትምህርት ቤት የልጆችን ቁመት በግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረግን እንለካለን። ለወላጆቻችንም ይህን ማድረግ ምን ይከብዳል? ከወጣትነት ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የቀነሰ ሰው፣ ጀርባው እየጎበጠ የሄደ፣ ዕቃ ሲያነሣ ወይም ሲያጎነብስ ጀርባውን በድንገት ጽኑ ሕመም የያዘው፣ ከ50 ዓመት በኋላም ቆሞ ሳለ ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ ሁሉ ሳይዘገይ ይመርመር። ስብራቱ ቢጠገንም «ለምን በቀላሉ ተሰበረ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል።

የአጥንትን ጥግግት የሚለካ ዴክሳ የሚባል የራጅ መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል። መሣሪያው በሁሉ ሥፍራ አይገኝም፤ ነገር ግን ከላይ የዘረዘርናቸውን ጥያቄዎችና ምልክቶች ይዞ የቀረበ ሰው ለሐኪሙ ብዙ መንገድ ያቀናለታል። መሰበርን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ።

በየቤታችንም የምናደርገው አለ። በጾም ወራት ወተትና አይብ ከገበታችን ስለሚርቁ፣ ካልሲየም ያላቸውን ጎመን፣ ሳይላጥ የተወቀጠ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራ አናጓድል። ሕመም የጸናበት ግን ስለ ምግቡ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። በእግር መሄድና ፀሐይ መሞቅ አጥንትን ይረዳል። ለአረጋውያን ሌሊት መብራት ቅርብ ይሁን፤ የሚያዳልጥ ምንጣፍ ከመንገዳቸው ይነሣ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የእናታችን ቀሚስ ረዝሞ ብናይ ጠርዙን ከማጠፋችን አስቀድሞ ቁመታቸውን እንለካ።