የደኅንነት ካሜራ ኃይልና ማኅደር፦ ከአትላንታ ልምድ የሚቀሰም ትምህርት

የደኅንነት ካሜራ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚያርፈው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው መነጽር ላይ ነው፤ ሻጩ የሚያሞግሰውም፣ ገዢው የሚጠይቀውም የምስሉን ጥራት ነው። ይሁን እንጂ አንድ የካሜራ ሥርዓት በሚፈለግበት ዕለት ምስክር ሆኖ መቆም አለመቆሙን የሚወስኑት ከዓይን የተሰወሩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ኤሌክትሪኩ ወደ ካሜራው የሚደርስበት መንገድ ሲሆን ሁለተኛው ምስሉ የሚቀመጥበት ማኅደር ነው። ሁለቱም ሲበላሹ ድምፅ አያሰሙም፤ ባለቤቱ ጉድለቱን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከተሰረቀ ወይም ከተጎዳ በኋላ ነው።

በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው አትላንታ ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ምሳሌ ናት። ኮምፓሪቴክ የተባለው የጥናት ድርጅት ካሜራን ከነዋሪ ብዛት ጋር በሚያነጻጽሩ ዘገባዎቹ ከአሜሪካ ከተሞች ቀዳሚ አድርጎ ደጋግሞ ጠርቷታል፤ ኮኔክት አትላንታ በሚባለው መርሐ ግብርም የግል ሱቆችና ሕንፃዎች ካሜራዎቻቸውን ለፖሊስ ማስመዝገብ ወይም ማገናኘት ይችላሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትና የሚነግዱበት የዲካልብ ካውንቲ በበኩሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ነዳጅ ማደያዎችና አነስተኛ ሱቆች ቀንና ሌሊት የሚቀርጹ ጥራት ያላቸው ካሜራዎች እንዲተክሉ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ፣ እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ ጊዜ ሰጥቷል። ስለዚህ ካሜራ ለእነዚህ ነጋዴዎች የግል ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የንግድ ፈቃድ ያህል ግዴታ ሆኗል።

የካሜራ መኖርና የካሜራ መሥራት አንድ አለመሆኑን ከተማዋ በመራራ ሁኔታ ተምራለች። በሐምሌ 2021 በፒድሞንት ፓርክ አንዲት ሴት ተገድላ በተገኘችበት ወቅት፣ በፓርኩ ተተክለው የነበሩት የከተማው ካሜራዎች ዘመናቸው ያለፈና የማይሠሩ እንደነበሩ ታውቋል። ካሜራው በቦታው መታየቱ ሕዝቡን ጥበቃ እንዳለው አሳምኖት ነበር፤ ይህ ዓይነቱ የሐሰት መተማመን ካሜራ ከናካቴው ካለመኖሩ የከፋ ነው።

ኃይሉን በተመለከተ መሠረታዊውን ነገር መረዳት ብዙ ገንዘብ ያድናል። በተለምዶ አናሎግ የሚባለው ካሜራ በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩ በቀጭን ሽቦ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ግን ሽቦው ራሱ ከፊሉን ይበላዋል፤ ይህም የቮልቴጅ መውረድ ይባላል። ለምሳሌ ግማሽ አምፔር የሚስብ ካሜራ ከኃይል ምንጩ 60 ሜትር ቢርቅና ሽቦው በአሜሪካ መለኪያ ቁጥር 22 የሚባለው ቀጭን ሽቦ ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 120 ሜትር ስለሚሆን ከ3 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፤ ካሜራው ጋ የሚደርሰውም 9 ቮልት እንኳ አይሞላም። ሽቦው ንጹሕ መዳብ ሳይሆን በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ከሆነ ኪሳራው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያድጋል፤ ርካሽ ጥቅል ሽቦ ርካሽ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቶችን ግራ የሚያጋባው ምልክት ደግሞ ካሜራው ቀን በደንብ ሠርቶ ሲመሽ መጥፋቱ ነው። ሲጨልም ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሰጡት አምፖሎች ሲበሩ የካሜራው ፍጆታ ይጨምራል፣ ቮልቴጁም ይብስ ይወርዳል፣ ካሜራውም ይጠፋል ወይም ደጋግሞ ይነሳል፤ ስለዚህ ካሜራው ተበላሽቷል ተብሎ ከመለወጡ በፊት ጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ በሌሊት ሊለካ ይገባል።

የኔትወርክ ካሜራ የሚባለው ዘመናዊው ዓይነት ይህን ችግር በአመዛኙ ፈቶታል። ምስሉም ኃይሉም በአንድ የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ይህ ፖኢ የሚባለው አሠራር በ2003 ደረጃ ወጥቶለት በመጀመሪያው መልኩ ከምንጩ እስከ 15.4 ዋት፣ በ2009 በወጣው ደግሞ እስከ 30 ዋት እንዲሰጥ ተደርጓል። ቮልቴጁ ወደ 48 የሚጠጋ በመሆኑ ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው አምፔር ከ12 ቮልቱ ሩብ ብቻ ሲሆን፣ በሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ብክነቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ገደቡ 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ የራቀ ካሜራ መሐል ላይ ስዊች የሚባለውን ገመዶችን የሚያገናኝ ተጨማሪ መሣሪያ ወይም የፋይበር ገመድ ይፈልጋል። ገመድ አልባ ተብለው የሚሸጡት ካሜራዎች ምስላቸውን በዋይፋይ ቢልኩም ኃይል ከባትሪ ወይም ከሶኬት ማግኘታቸው አይቀርም፤ በባትሪ የሚሠሩት ለቤት በር ይበቃሉ እንጂ ሃያ አራት ሰዓት መቅረጽ ለሚገባው ማደያ አይሆኑም። መቀመጫው አትላንታ የሆነው ፍሎክ ሴፍቲ በየመንገዱ የሚተክላቸው የሰሌዳ ቁጥር አንባቢዎች በፀሐይ ኃይልና በባትሪ መሥራት የቻሉት ቪዲዮ ያለማቋረጥ ስለማይቀርጹና መኪና ሲያልፍ ፎቶግራፍ ስለሚያነሱ ነው።

ዋናው መስመር ሲቋረጥስ? በታኅሣሥ 17 ቀን 2017 በአትላንታው ሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከመሬት በታች በተነሳ እሳት ምክንያት ኤሌክትሪክ ለ11 ሰዓታት ያህል ተቋርጦ ከ1,000 በላይ በረራዎች ተሰርዘዋል። አውሮፕላን ማረፊያው ተጠባባቂ መስመር አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን እሳቱ የዋናውንም የተጠባባቂውንም ገመዶች በአንድነት አገኛቸው። ይህ ለትንሽ ሱቅም የሚሠራ ትምህርት ነው፤ ተጠባባቂው ከዋናው ጋር አንድ ቦታ ካለ ተጠባባቂ አይባልም። በተለይ ዩፒኤስ የሚባለውን የባትሪ ሣጥን ከመቅረጫው ጋር ብቻ አገናኝቶ ካሜራዎቹን የሚመግበውን ስዊችና ራውተሩን ግድግዳው ላይ ባለ ተራ ሶኬት የሚተው ሰው፣ መብራት ሲጠፋ ቀጥ ብሎ የሚሠራ ባዶ መቅረጫ ይዞ ይቀራል።

በዩፒኤስ ሣጥን ላይ የተጻፈው የቪኤ ቁጥር በአንድ ጊዜ ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም ይናገራል እንጂ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይናገርም። ስምንት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 6 ዋት፣ መቅረጫው 30፣ ስዊችና ራውተሩ 20 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 100 ዋት ገደማ ይሆናል፤ በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ብቻ ይይዛል፤ ከብክነቱ በኋላ የሚተርፈው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየደከመ ስለሚሄድም ይህ ግማሽ ሰዓት እንኳ ዋስትና የለውም።

ወደ ማኅደሩ ስንመጣ፣ አናሎግ ካሜራዎችን የሚቀበለው መቅረጫ ዲቪአር፣ የኔትወርክ ካሜራዎችን የሚቀበለው ኤንቪአር ይባላል፤ ሁለቱም ምስሉን የሚያስቀምጡት በሃርድ ዲስክ ላይ ነው። የሚያስፈልገውን ዲስክ ለማስላት ቢትሬት የሚባለውን፣ ማለትም ካሜራው በሰከንድ የሚልከውን የመረጃ መጠን ማወቅ ይበቃል። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ ይህ ግማሽ ሜጋባይት ነው፤ ቀኑ 86,400 ሰከንድ ስላለው በቀን 43.2 ጊጋባይት ይሆናል። ስምንት ካሜራዎች በቀን ወደ 346 ጊጋባይት ይሞላሉ፤ ለ30 ቀን ከ10 ቴራባይት በላይ፣ ለ60 ቀን ወደ 21 ቴራባይት ያስፈልጋል። ከስምንት ካሜራ ጋር በጥቅል የሚሸጥ ባለ 2 ቴራባይት መቅረጫ በዚህ ስሌት ስድስት ቀን አይሞላም፤ ዲስኩ ሲሞላም ሳያስጠነቅቅ የጥንቱን እያጠፋ በላዩ ላይ ይጽፋል። የገንዘብ ጉድለት መኖሩን በሳምንቱ ላወቀ ነጋዴ ማስረጃው አስቀድሞ ተጠርጓል ማለት ነው። ኤች 265 የተባለው የ2013 የማመቂያ ደረጃ ከቀዳሚው ኤች 264 አንጻር መጠኑን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፤ ሆኖም በጨለማ የሚታየው ፍንጥርጣሪና በነፋስ የሚወዛወዝ ዛፍ መጠኑን መልሰው ያሳድጉታል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ መቅረጽ ዲስክ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ካሜራው ያላስተዋለው እንቅስቃሴ ጨርሶ ስለማይቀረጽ፣ ገንዘብ መቀበያውና ዋናው በር ያለማቋረጥ ቢቀረጹ ይሻላል።

ሰዓቱም የማኅደሩ አካል ነው። በጆርጂያ በመጋቢት ሰዓት ወደፊት፣ በኅዳር ወደኋላ ስለሚዞር፣ በኅዳሩ ሌሊት በፈረንጆች ሰዓት ከ1 እስከ 2 ያለው ጊዜ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በዚህ ላይ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር የሚናገር ሠራተኛ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት» ሲል መቅረጫው 21 ሰዓት ብሎ የመዘገበውን ማለቱ ስለሆነ፣ ቃሉ ለፖሊስ በጥሬው ከተተረጎመ ፍለጋው ስድስት ሰዓት ይስታል። መቅረጫው ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ ግማሹን መፍትሔ ይሰጣል። ካሜራ ከአትላንታ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ደግሞ አሜሪካ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ እንደሚሠሩ ያስታውስ፤ አስማሚው ሁለቱንም ቮልቴጅ መቀበሉ ሊረጋገጥ፣ በካሜራው ቅንብር ውስጥም 50 ኸርዝ ሊመረጥ ይገባል፤ አለዚያ ምስሉ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ይርገበገባል።

ማኅደር በአንድ ቦታ ብቻ ሲቀመጥ ምን እንደሚደርስበት የአትላንታ ከተማ አስተዳደር ራሱ አይቷል። በመጋቢት 2018 ሳምሳም የተባለ ቤዛ ጠያቂ የኮምፒውተር ጥቃት ደርሶበት ወደ 51,000 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ሲጠየቅ፣ ከጠፉት ነገሮች መካከል በፖሊስ መኪኖች ካሜራ ለዓመታት የተሰበሰበ ምስል ይገኝበታል። መቅረጫውን ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል ኢንተርኔት ላይ መተው ተመሳሳይ በር መክፈት ነው፤ መቅረጫውን በገንዘብ መቀበያው ሥር ማስቀመጥም ለሌባው አብሮ የሚወሰድ ንብረት ያዘጋጅለታል። በተቆለፈ ክፍል ማኖርና የዋና ካሜራዎቹን ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ሁለቱንም አደጋዎች ይቀንሳል። የድምፅ ቀረጻ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ በጆርጂያ ሕግ ሰው ያልተካፈለበትን የሌሎችን የግል ንግግር በምስጢር መቅዳት ወንጀል ነው።

የማደያ ወይም የሱቅ ባለቤት የሆነ አንባቢ በዚህ ሳምንት ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ለአሥር ደቂቃ ያጥፋና መልሶ ከከፈተ በኋላ የእነዚያን አሥር ደቂቃዎች ምስል ከመቅረጫው ይፈልግ፤ ቀጥሎም በዲስኩ ላይ ያለውን ከሁሉ የቆየውን ቀረጻ ከፍቶ ከዚያ ወዲህ ስንት ቀን እንደሆነ ይቁጠር።