በስፔስ የማይሰለፍ ቀመር

ዱራሜ ውስጥ የፈተና ወረቀት የሚተይብ ሰው ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይፈራረቅበታል። አማርኛው በፊደል ይጻፋል፤ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋም እሱ ነው። ከምባትኛና እንግሊዝኛ በላቲን ይጻፋሉ። የሒሳብ ቀመር ደግሞ እንደ ጽሑፍ ወደ ጎን ብቻ አይሄድም፤ ክፍልፋይ ሲሆን ከመስመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ይወጣል። እነዚህን በአንድ ሠንጠረዥ ማሰለፍ ሲያስፈልግ ጣት ቶሎ የሚሄደው ወደ ስፔስ ቁልፍ ነው። ያዋጣል የሚባለው ፈጣን ስለሆነ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያዘገየው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱ የስፔስ ስፋት ቋሚ አለመሆኑ ነው። ስፋቱን የሚወስኑት ፎንቱና መጠኑ ናቸው። በፓወር ግዕዝ ፎንት ተተይቦ በስፔስ የተደረደረ ምርጫ፣ ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒውተር በፍላሽ ሲሄድ ዎርድ ሌላ ፎንት ይተካና «ሐ» ከ«ለ» ሥር ይሸሻል። መስመር የሌለው ሠንጠረዥ ግን ፎንቱ ቢለወጥም ዓምዱን አይለቅም። የውጤት ዝርዝር ላይም 7.5 እና 12.25 በነጥባቸው እንዲገጣጠሙ የነጥብ ታብ የሚባለውን ከማስመሪያው ላይ ዓምዱ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሳጥኑ ውስጥ የታብ ቁልፍ መምታት እንኳ አያስፈልግም።

ቀመር ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ሰውን ግራ የሚያጋባውም የዎርድ አንድ ደንብ ነው። ከ2007 እትም ጀምሮ ያለው የቀመር መጻፊያ፣ ቀመሩ በአንቀጹ ውስጥ ብቻውን ከሆነ ራሱን የቻለ ቀመር አድርጎ መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። አጠገቡ አንድ ቃል ካለ ግን ከጽሑፉ ጋር ይቀላቅለዋል፣ ክፍልፋዩንም ያሳንሰዋል። ስለዚህ «ሀ» ከቀመሩ ጋር በአንድ ሳጥን፣ የ«ለ» ቀመር ደግሞ ብቻውን በሌላ ሳጥን ከገባ፣ አንዱ ትንሽና ወደ ግራ የተጠጋ፣ ሌላው ትልቅና መሐል የቆመ ይሆናል። ተፈታኙ ተማሪ ትልቁን መልስ የተለየ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። መፍትሔው የምርጫውን ፊደል በአንድ ዓምድ፣ ቀመሩን በሌላ ዓምድ ብቻውን ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ቀመሩ ሲነካ ጠርዙ ላይ በምትወጣው ቀስት ወደ ግራ ማስጠጋት ይቻላል። ፊደሉ ከላይ ተሰቅሎ ቀመሩ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ሳጥኑ ሲፈጠር ይዘቱን ከላይ ስለሚያስጠጋ ነው፤ ረድፉን መርጦ ወደ ቁመቱ መሐል ማምጣት ያቃናዋል። የክፍልፋዩ አናት ተቆርጦ ከታተመ፣ የመስመሩ ርቀት በቁጥር ተገድቦ ይሆናል፤ ወደ ነጠላ ይመለስ።

«ወረቀቱ ላይ ካማረ ምን አገባን» ለሚል፣ ፋይሉ በዚያው ቀን የሚጣል ከሆነ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ፈተና ለሚቀጥለው ዓመት ይታረማል፤ አንድ ጥያቄ ሲሰረዝ በስፔስ የቆመው ሁሉ ይፈርሳል። «ቀመሩን በእጅ እንሙላው» የሚለው የበለጠ ያሳምነኛል፤ ለሥዕል በተለይ። ያኔም ቢሆን ባዶው ቦታ በኢንተር ብዛት ሳይሆን በረድፉ ቁመት ይለካ፤ ዎርድ ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ይቀበላል። የድሮ ፕሮግራም ላሉባቸው ኮምፒውተሮች ሲባል ፋይሉን በ97–2003 ቅርጽ ማስቀመጥ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ቀመሩ ወደ ሥዕል ተለውጦ እርማት እምቢ ይላል። ስለዚህ ዋናውን በአዲሱ ቅርጽ ይዞ፣ ለማተሚያ ቤቱ በፒዲኤፍ መስጠት ይሻላል።