ቀዳዳማ የፕላቲኒየም ሽፋንና የደም ስኳር ልኬት

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የግሉኮስ መጠን በትክክል ካልታወቀ የሚወስደው ኢንሱሊን መድኃኒትነቱ ቀርቶ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም የመለኪያው ታማኝነት ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ሊላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ በ1962 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አሳብ ለዛሬዎቹ መለኪያዎች መሠረት ሆኗል። ይኸውም ግሉኮስን ለይቶ የሚያውቅ ኢንዛይም በኤሌክትሮድ ላይ አኑሮ ከአጸግብሮቱ የሚገኘውን የኤሌክትሪክ ምልክት ማንበብ ነው። የኢንዛይሙ የመምረጥ ችሎታ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ፕሮቲን በመሆኑ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። ከዚህ የተነሣ ግሉኮስን ያለ ኢንዛይም በባዶ ፕላቲኒየም ላይ ለመለካት ብዙ ተሞክሯል።

እንቅፋቱ የፍጥነት ነበር። ግሉኮስ ለልሙጥ ፕላቲኒየም ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው በዝግታ ነው። በደም ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ሲ፣ እንዲሁም ሕመምተኛው ለራስ ምታት የዋጠው ፓራሲታሞል በአንጻሩ ፈጣኖች ናቸው። መጠናቸው ከግሉኮስ እጅግ ቢያንስም የሚያስነሡት የኤሌክትሪክ ፍሰት ልኬቱን ያሳስታል።

መፍትሔው የተገኘው ከሳሙና ዘመዶች ነው ማለት ይቻላል። በ1997 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ከውሃና ከፕላቲኒየም ውሁድ ጋር በተወሰነ መጠን ሲደባለቅ ሞለኪዩሎቹ እንደ ታሰረ ሸምበቆ የተደረደሩ ዘንጎችን ይሠራሉ። በኤሌክትሪክ ኃይል ፕላቲኒየሙ በዘንጎቹ መካከል እንዲጠጥር ይደረጋል፤ ሳሙና መሰሉ ነገር ታጥቦ ሲወጣም ስፋታቸው ሁለት ሦስት ናኖሜትር ብቻ የሆነ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ መሆኑ ይታወቃል።

በ2003 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ሽፋን ግሉኮስን ለኩ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የገጽ ስፋት በመጨመሩ ብቻ ሲገለጽ ይታያል፤ ይህ ግን ግማሹን መናገር ነው። ፈጣኑ ቫይታሚን ሲ ገና ከቀዳዳው አፍ ሲደርስ ስለሚያልቅ ውስጠኛው ግድግዳ ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ዘገምተኛው ግሉኮስ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ግድግዳውን ደጋግሞ ስለሚነካ በእያንዳንዱ ንክኪ ኤሌክትሮን የመስጠት ዕድል ያገኛል። ስለሆነም የግሉኮስ ምልክት ይጎላል፤ የሌሎቹ እምብዛም ከፍ አይልም። በክፍል ውስጥ የአጸግብሮት ፍጥነትና የገጽ ስፋት ለየብቻ ለሚያስተምር መምህር ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ችግሩ ሁሉ ተወግዷል ማለት ግን አይደለም። የደም ክሎራይድ በፕላቲኒየሙ ላይ እየተጣበቀ ምልክቱን ያዳክማል፤ ፕሮቲኖችም የቀዳዳዎቹን አፍ ሊሸፍኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ አዲስ መሣሪያ ለግዢ ሲቀርብ በተጣራ ሙሙት ብቻ ወይስ በሙሉ ደም እንደ ተፈተነ መጠየቅ የዕቅድ ባለሙያው ድርሻ ነው። በየቤቱና በየጤና ጣቢያው ከጣት ደም የሚለኩት መሣሪያዎች ዛሬም የሚሠሩት በኢንዛይም ነው።