ኦክስጅን የሞት ምልክት ነውን?

«ኦክስጅን ከተደረገለትማ ምን ተስፋ አለው» የሚለው አነጋገር በየሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ከአስታማሚ ወደ አስታማሚ እየተላለፈ፣ ሊድኑ ይችሉ የነበሩትን ሕፃናት ለሞት አሳልፎ የሚሰጥ ክፉ እምነት ስለ ሆነ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ አይገባም። በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን የደረቱ ሥር እየሰረጎደ፣ ከንፈሩ እየጠቈረ ሲያቃስት ነርሷ መንታ ጫፍ ያለውን ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አግብታ ጉንጩ ላይ በፕላስተር ስታጣብቀው፣ ሊጠይቁ የመጡት ዘመዶች እናቲቱን ወደ ጥግ ስበው «በቃ፣ ይዘሽው ወደ ቤትሽ ግቢ» ይሏታል፤ እርስዋም በሌሊት ሰው ሳያያት ቱቦውን በገዛ እጅዋ ትነቅለዋለች።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ሲሊንደር እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ያለችው ጥቂት ኦክስጅን ተቈጥባ ለጣዕረ ሞት ለደረሰ ሕሙም ብቻ ትሰጥ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ቱቦውንና ሞትን በአንድ አልጋ ላይ ደጋግሞ አየ፤ ይሁን እንጂ ምክንያተ ሞቱ ደዌው ነው እንጂ ኦክስጅኑ አልነበረም። ኦክስጅን ከምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አግብቶታል። በጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ ከ90 በመቶ በታች ሲያሳይ ለሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ይሰጠዋል፤ ሳንባው ሲያገግምም ይነሣለታል። የተሰጠው ሁሉ ይተርፋል አልልም፤ የተከለከለው ግን የመዳን ዕድሉን በሰው እጅ ተነጥቋል። ይህን እያወቁ ለእናቲቱ በሁለት ቃል ማስረዳት የሚታክታቸው ባለሙያዎችም ከወሬ አቀባዮቹ ጋር የበደሉ ተካፋዮች ናቸው።

በአንጻሩ «በበዛ ቍጥር ይበልጥ ይጠቅማል» የሚሉ አሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ብዙ ሕፃናት ያለ ልክ በተሰጣቸው ኦክስጅን ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ልኩን የሚወስን ሐኪሙና መለኪያው ነው።

ኮንሰንትሬተር የተባለው፣ ከአየር ኦክስጅንን የሚለይ መሣሪያ ስለ ጮኸ፣ በማርጠቢያ ጠርሙሱም ውስጥ ውሃው ስለ ተፍለቀለቀ ጥሩ ኦክስጅን ይወጣል ማለት አይደለም። ከአየሩ ናይትሮጅንን የሚያስቀረው ዚዮላይት የተባለው ማዕድን ሲያረጅ ወይም እርጥበት ሲገባው፣ ነፋሱ እየነፈሰ የኦክስጅኑ ጥራት ይወርዳልና፣ ተለክቶ ከ82 በመቶ በታች ከሆነ መሣሪያው ወደ ጥገና ይሂድ። የስፖንጅ ማጣሪያው በየሳምንቱ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ፈጽሞ ሳይደርቅም ወደ ቦታው አይመለስ። በጠርሙሱ የሚደረገው ውሃ የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ በየቀኑም ይለወጥ።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሌላውን እሳት ግን ያፋፍማል። ስለዚህ ለጸሎት የሚበራው ጧፍና የሚታጠነው ዕጣን ከዚያ ክፍል ይራቅ፤ የሲሊንደሩ መክፈቻ ቢጠብቅም ዘይት ወይም ግራሶ ከቶ አይቀባ።

አስታማሚዎች ሆይ፣ ቱቦው ከሕፃኑ አፍንጫ ወልቆ ብታዩ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ጥሩ።